የጭላዳ እናትና ልጅ ፎቶ በብርድ ወራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ፎቶ አንሺ ዝርዝር መመሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ካሜራ የያዘ ልጅ አሁን አሁን በዝቷል፣ ስራው ግን ያው ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት ነው፣ በቃ። ከኛ በላይ ባለው ደጋ ላይ ደሞ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የማይገኝ እንስሳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሳር ሲነጭ ይውላል፣ ሄዶ በስርአቱ የሚያነሳው ግን በአብዛኛው ፈረንጅ ነው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚ መካከለኛ ካሜራ ላለው፣ ከሰርግ ወቅት ሁለት ሶስት ቀን ሰርቆ ከአስጎብኚ ጋር ብርድ ላይ ለመዋል ለቆረጠ ሰው የማውቀውን ልፃፍ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው። ጭላዳ እናትን አትከተሏትም። እሷ የምትመጣበትን ቦታ አውቃችሁ ቀድማችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ርቀቱን የምትወስነው እሷ ናት። ሰው ተከትሏት ያነሳው ፎቶ ላይ ሁሌ ጀርባዋና የሮጠ ልጅ ነው ያለው፣ ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ፎቶ ላይ ግን ልጁ ጡት ይዞ አይኑን ወደ ካሜራ ያዞራል። ሌንስም ካሜራም ከዚህ በኋላ ነው።

መቼ፣ የት

ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውጡ። ዝናቡ ሄዷል፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ማታ ማታ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። መስከረምና ጥቅምት አረንጓዴና አበባ ስላለ ቆንጆ ነው ግን ጉም ሊይዛችሁ ይችላል። የብርዱ ወቅት ሌላም ጥቅም አለው፣ ሳሩ ሲደርቅ ጭላዳዎቹ ስራስር በጣታቸው መቆፈር ይጀምራሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ረዥም ሰአት ስለሚቆዩ ለኛ ይመቻል። ግልገል ደሞ ዓመቱን ሙሉ ስለሚወለድ ሲወለድ ጥቁር የሆነውን ጨቅላ አጣለሁ ብላችሁ አትስጉ።

ቦታውን በተመለከተ ከኛ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንደኛው የራሳችን ደቡብ ወሎ ነው፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ ቦረና፣ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ፣ እዛ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ የደንቆሮ ጫካ ያለበት፣ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለው። ሁለተኛው ወደ ደቡብ በኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና አድርጎ ጣርማ በር ላይ ወደ መሃል ሜዳ የሚታጠፈው የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ህዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሱ ስርአት ሳሩን ሲጠብቅ የኖረበት መሬት ስለሆነ ነው እስካሁን ያለው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጓሳን ቢያስቀድም እመክራለሁ፣ ምክንያቱም እዛ ተመራማሪ ለዓመታት አብሯቸው ስለዋለ ሰው የለመዱ ቡድኖች አሉ። ወሎ ውስጥ ገብስ ማሳ አጠገብ ያሉት ግን ገበሬውና እረኛው በወንጭፍ ሲያባርራቸው የኖሩ ናቸው፣ ሰው ሲያዩ ገና ከሩቅ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። አይፈረድባቸውም፣ ገበሬውም ላይ አይፈረድም። እነሱን ለማንሳት ትግስቱም ሌንሱም እጥፍ መሆን አለበት።

የትኛውንም ብትመርጡ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ካለ ሰው ደውላችሁ አጣሩ፣ በነጋታው ጠዋት ደሞ ድጋሚ ደውሉ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ከተባላችሁ አትሂዱ፣ ጭላዳው የትም አይሄድም።

አስጎብኚና ስካውት

ብቻችሁን አትሂዱ። ከህጉ ባሻገር የአካባቢው ስካውት፣ ማለት ቦታውን የሚጠብቀው ሰው፣ ለፎቶ ከሌንስ ይበልጣል። ስትነጋገሩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፣ እነዚህን ጠይቁ፦ ጭላዳዎቹ ትናንት ማታ የገቡት የትኛው ገደል ነው? ቡድኑ ውስጥ ገና ጥቁር የሆነ ልጅ ያላት እናት አለች? ገደሉ ፊቱ ወደ የት ነው? ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፣ ማታ የገባበት ገደል አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት የሚወጣበት ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ስራው ግማሹ አልቋል።

ጠዋት ከመንጋቱ በፊት ቦታው ላይ መድረስ እንደምትፈልጉ፣ እዛም ደርሳችሁ ሰአታት ዝም ብላችሁ እንደምትቀመጡ ማታውኑ ተነጋገሩ። አብዛኛው ቱሪስት አስር ደቂቃ አይቶ ስለሚሄድ ስካውቱም የለመደው እሱን ነው፣ ካልነገራችሁት ወደናንተ ሊነዳቸው ይሞክራል፣ ለናንተ ብሎ እኮ ነው፣ ግን የሚነዳ ጭላዳ ጥሩ ፎቶ አይሆንም። በትህትና "ጋሼ፣ አይንዱልን፣ ራሳቸው ይምጡ" በሉ። አብሮ ለሚቀመጠው ሰው ቆሎውንም ሻዩንም አካፍሉ፣ ለተጨማሪው ሰአትም የሚገባውን ክፈሉ።

ከሶስት ሰው በላይ ሆናችሁ አትሂዱ። ጉንፋን የያዘው ሰው ካለም ይቅር፣ የኛ በሽታ ወደነሱ ሊሻገር ይችላል።

ዕቃ

ካሜራው ምንም ይሁን፣ ሰርግ የምትሰሩበት ይበቃል። ሌንሱ ላይ ነው ወሬው። 70-300 ካላችሁ ጓሳ ላይ ትሰራላችሁ፣ 150-600 ወይ 200-600 ከጓደኛ ከተዋሳችሁ ወይ አዲስ አበባ ከተከራያችሁ ደሞ ሳትቀርቡ የልጁን አይን ታገኛላችሁ። ከዚህ ጋር አንድ ሰፊ ሌንስ፣ 24-70 ወይ 35፣ የግድ ያዙ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ ፊት ብቻ ሞልቶ ያነሳና ቤቱ ሲገባ የት እንደተነሳ የማይታወቅ ፎቶ ይዞ ይቀራል። ጅባራው፣ አስታው፣ ገደሉ፣ ከታች የሚታየው ቆላ፣ እናትየዋ በዛ ሁሉ መሃል ትንሽ ሆና ስትታይ ነው አገሩ የሚገባው። ረዥም ሌንስ ጭራሽ የሌለው ሰውም በዚህኛው ብቻ ጥሩ ስራ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ትራይፖድ ከባድ ነው፣ ቁመቱም አይሆንም። ጭላዳ የሚበላው ተቀምጦ ነው፣ ስለዚ የካሜራችሁ ቁመት ከጉልበታችሁ በታች መውረድ አለበት። ጠንካራ ጨርቅ ቦርሳ ሰፍታችሁ ውስጡን ሽምብራ ወይ ባቄላ ሙሉት፣ መሬት ወይ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን አስደግፉበት፣ ከትራይፖድ ይሻላል። ስፌቱን ግን ሁለት ጊዜ አስደርቡት፣ አንድ ፍሬ እንኳ መሬት ላይ እንዳይፈስ። የሰው እህል የቀመሰ ጭላዳ ሰው ላይ መምጣት ይለምዳል፣ መጨረሻው ለሱ ዱላ ነው። በዚሁ ምክንያት ምግባችሁንም እነሱ ፊት አትብሉ።

ባትሪ። ብርድ ላይ ባትሪ ቶሎ ይወድቃል፣ ደሴ ላይ ሙሉ ቀን የሚሰራው እዛ ግማሽ ቀን ላይደርስ ይችላል። ቢያንስ ሶስት ያዙና ካሜራው ውስጥ ካለው በቀር ሌሎቹ ከሸሚዛችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ ይቀመጡ። አለቀ ያለው ባትሪ ብብታችሁ ውስጥ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ አትጣሉት። ማታም አብራችሁት ተኙ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ። ፓወር ባንክ ሙሉ አድርጋችሁ ከከተማ ውጡ። ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ሁለት ወፍራም ፌስታል ጨምሩ፣ የፌስታሉን ጥቅም ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

ልብስ

ደሴ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ ደሞ 1,850 አካባቢ፣ እዛ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እናንተ ደሞ አትንቀሳቀሱም፣ መሬት ላይ ቁጭ ነው። ሰልባጅ ውስጥ ወፍራም ጃኬት ፈልጉ፣ ቀለሙ ቡኒ ወይ ግራጫ ይሁን። ነጭ ጋቢ ይሞቃል ግን ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ ሲነፍስም ይወዛወዛል፣ እሱን ማታ ልበሱት፣ ለቀኑ የመንዝ ባና የመሰለ ነገር የለም፣ ቀለሙም ከመሬቱ ጋር አንድ ነው። ስር የሚነጠፍ አጎዛ ያዙ፣ አመዳይ ላይ ያለ አጎዛ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ሰአት ሳይቆይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደሞ ሌንሱም ይንቀጠቀጣል። ጓንት ስስ የሆነ፣ ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ለከንፈር ቫዝሊን። ፀሀይዋ ከወጣች በኋላ ደሞ ታቃጥላለች፣ ባለባርኔጣ ሁኑ።

የኮምቦልቻ ልጆች ከፍታው ራስ ምታት ሊሰጣችሁ ይችላል፣ መጀመሪያ ቀን አትሩጡ፣ ውሃ ጠጡ። በሶና ቆሎ ስንቅ አይጎድልባችሁ፣ ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነም ለሁሉም ይሆናል፣ ቴርሞስ ሙሉ ሻይ ደሞ ከስካውቱ ጋር የሚያፋቅራችሁ እሱ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ጦሳ ስር ተለማመዱ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። የጭላዳ ጨቅላ ሲወለድ ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ ድፍን ጥቁር፣ እናትየው ደሞ ቡኒ፣ ዙሪያው የደረቀ ሳርና አመዳይ ነጭ። ካሜራ እንዲህ አይነት ነገር ላይ ይሳሳታል። ደሴ ላይ ወደ ጦሳ ተራራ ወጣ በሉ፣ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ፣ ቡኒ በግ ጥቁር ጠቦት ይዛ ስትግጥ ፈልጉ፣ እረኛውን አስፈቅዱና ጠዋት ፀሀይ ስትወጣ አንሱ። ጠቦቱ ሲዘል ጥርት አድርጎ መያዝ፣ ጥቁሩ ውስጥ ፀጉሩና አይኑ እንዲለይ ማድረግ፣ ቁልፎቹን ሳታዩ በጓንት መንካት። ይሄን በግ ላይ የቻለ ሰው ጭላዳ ላይ አይደነግጥም።

ሴቲንግ

ማንዋል ላይ ሆናችሁ አይኤስኦውን አውቶ አድርጉት፣ ከፍ ሲል እንዳያልፍ 6400 ላይ ገደብ ስጡት። ራው አንሱ፣ ጄፔግ ላይ የጥቁሩ ዝርዝር ቶሎ ይጠፋል።

ሹተር፦ እናትየው ቁጭ ብላ ስትበላ ወይ ስትቃመል 1/500 ይበቃል። ልጅ መጫወት ከጀመረ 1/1000 እና ከዚያ በላይ፣ ሲዘሉ ደሞ 1/2000 ድረስ ሂዱ። አይኤስኦው ከፍ ብሎ ፎቶው ላይ እህል የመሰለ ነጥብ (ኖይዝ) ቢወጣም ጥርት ማለቱ ይበልጣል።

አፐርቸር ላይ የሰርግ ልማድ ይጎዳናል፣ ሁሉን ነገር ከፍተን ማንሳት ለምደናል። ረዥም ሌንስ ላይ ጥርት የሚለው ጥልቀት በጣም ትንሽ ነው። 600 ሚሊ ሜትር ላይ፣ 15 ሜትር ርቀት፣ ኤፍ 6.3፣ ፉል ፍሬም ካሜራ ከሆነ ጥርት የሚለው 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የእናትየው ፊት ጥርት ሲል ደረቷ ላይ ያለው ልጅ ሊደበዝዝ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱም እንዲታዩ ከፈለጋችሁ ኤፍ 8 አድርጉ፣ ብርሃን ካለ ኤፍ 9፣ ደሞም የሁለቱ ፊት ከእናንተ እኩል ርቀት ላይ እስኪሆን፣ ማለት እናትየው ትንሽ ዞር እስክትል ጠብቁ። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ የልጁን አይን ምረጡ።

ፎከስ፦ አዳዲሶቹ ካሜራዎች አይን ፈልገው ይይዛሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሌ ትልቁን ፊት ስለሚመርጡ ልጁን ትተው እናትየዋ ላይ ይሄዳሉ፣ ከፊት ያለ የሳር ዘንግ ላይም ይቆማሉ። አንድ ነጥብ ብቻ አድርጋችሁ ልጁ ላይ ራሳችሁ አስቀምጡት።

ኤክስፖዠር ዋናው ነው። ፍሬሙ በአብዛኛው ሰማይ ወይ አመዳይ ከሆነ ካሜራው ያጨልመዋል፣ ከ+0.7 እስከ +1.3 ስጡት። ቀርባችሁ ጥቁሩ ልጅ ፍሬሙን ከሞላው ደሞ ተቃራኒ ነው፣ ካሜራው ከሚገባው በላይ ያበራዋል፣ ልጁ ግራጫ ይመስላል፣ ወደ -0.3 ወይ -0.7 አውርዱ። ሂስቶግራሙን እዩ፣ ስክሪኑን አትመኑ፣ የደጋ ፀሀይ ላይ ስክሪን ሁሌ ጨለማ ይመስላል።

ፍላሽ ቦርሳ ውስጥ ይቅር። የሹተር ድምፅ ዝም የሚልበት ሴቲንግ ካለ አብሩት።

ጠዋት

በታህሳስ ፀሀይ የምትወጣው 12 ሰአት ተኩል አካባቢ ነው፣ እናንተ ከዚያ በፊት ገደሉ አፋፍ አጠገብ ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። አጠገብ ስል ጫፉ ላይ አይደለም፣ አመዳይ ያለበት ሳር ያንሸራትታል፣ ከጫፉ ሀያ ሰላሳ ሜትር ገባ በሉ።

አቀማመጡ ላይ አስቡበት። የጓሳ ገደል ፊቱ ወደ ምስራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው። ፀሀይ ከዚያ ነው የምትወጣው። ፊት ለፊት ወደ ገደሉ ከተቀመጣችሁ ፀሀይ ፊታችሁ ላይ ነች፣ ጭላዳዎቹ ሲወጡ በጀርባቸው ብርሃን ይመጣል፣ የወንዱ ጎፈር ዙሪያው በእሳት ቀለም ይበራል፣ የሚያምር ነው፣ ግን የልጁ ፊት ይጨልማል። ፊቱን ከፈለጋችሁ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን፣ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ እያያችሁ ተቀመጡ፣ ብርሃኑ ከጎን ይመጣላችኋል። እኔ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰአት በጀርባ ብርሃን፣ ከዚያ በኋላ በጎን ብርሃን ማንሳት እመርጣለሁ፣ ግን ስትቀያየሩ ተነስታችሁ አትራመዱ፣ ከመጀመሪያው ሁለቱንም የሚያሳይ ቦታ፣ አፋፉ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበትን ማዕዘን ፈልጉ።

መጀመሪያ የሚመጣው ድምፃቸው ነው፣ ገና ሳይታዩ ከታች ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ። ከዚያ ጎረምሶቹ ብቅ ይላሉ፣ እናቶች ቆየት ብለው። ሲወጡ ወዲያው አይበሉም፣ ፀሀይ ላይ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ ይቃመላሉ፣ ልጆቹ ይጠባሉ፣ ትልልቆቹ ልጆች ይታገላሉ። ለእናትና ልጅ ፎቶ የቀኑ ምርጥ ሰአት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ ተበታትነው ሳር መንጨት ይጀምራሉ፣ ምግባቸው 90 በመቶ ገደማ ሳር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚውሉት፣ ፊት ማግኘት ይከብዳል።

ረፋድ 4 ሰአት ካለፈ በኋላ ከሩቅ አታንሱ። የቀዘቀዘው መሬት በፀሀይ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፣ በረዥም ሌንስ ያነሳችሁት ሁሉ የሟሟ ይመስላል፣ ሌንሱ የተበላሸ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ ሌንሱ ደህና ነው። ያኔ ሰፊ ሌንስ አውጡ ወይ ሻይ ጠጡ።

እናትየው ምን እያለች ነው

ተቀምጣችሁ ሳለ ወደናንተ እየበሉ ይመጣሉ። ከ15 ሜትር በታች እናንተ አትቅረቡ፣ እሷ ከቀረበች ግን ዝም በሉ፣ አትንቀሳቀሱ፣ ሌንሱን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። አይን ለአይን ረዥም ሰአት አትዩ፣ ጭላዳ ላይ እሱ ፀብ ነው፣ ሳር የምትነቃቅሉ መስላችሁ አቀርቅሩ።

ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ከአይኑ በላይ ያለውን ነጣ ያለ ቆዳ ካሳያችሁ ዛቻ ነው። የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ካሳየም ነገሩ ረግቶ አይደለም። ፎቶ ላይ ያምራል፣ አውቃለሁ፣ አንድ አንሱና ወደኋላ ሳብ በሉ። እናትየው መብላት አቁማ በተደጋጋሚ ቀና ካለች፣ ልጇን በእጇ ጎትታ ወደ ሆዷ ካስገባች፣ ቀርባችኋል። በእናትና በልጅ መሃል፣ ወይም በእነሱና በገደሉ መሃል በፍፁም አትግቡ። ገደሉ መሸሻቸው ነው፣ እሱን የዘጋ ሰው ሁሉ ለነሱ ጠላት ነው።

ቡድኑ ውስጥ ወንዶች ሲጣሉ ካያችሁም ራቁ። አንድ ጌታ ወንድ ያለው ቤተሰብ በሌላ ወንድ ሲነጠቅ አዲሱ ወንድ ጨቅላዎቹን ሊገድል ይችላል፣ እናቶቹ ያን ጊዜ በጭንቀት ላይ ናቸው፣ እናንተ ተጨምራችሁ አታስጨንቋቸው።

የትኛውን ቅፅበት

የጨቅላውን እድሜ ከአቀማመጡ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንት ገደማ ሆዷ ስር ተለጥፎ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ይወጣል። ሆዷ ስር ላለው ልጅ መሬት ላይ ተኝታችሁ፣ ሌንሱ ሳሩን እስኪነካ ድረስ ዝቅ በሉ፣ ስትራመድ ከጎን ስትመጣ አንሱት፣ ከላይ ከታየ ልጁ ጭራሽ የለም። ጀርባ ላይ ያለው ቀላል ነው፣ እሷ ስትቆም ይወርዳል፣ ስትነሳ ይዘላል፣ መውጣቱን ለመያዝ እጇን ከሳሩ ላይ ስታነሳ ሹተሩን ተጫኑ፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትነሳው።

አንድ ያየሁት ነገር ልንገራችሁ፣ እናትየው ሳር ስትነጭ ሁለቱም እጆቿ በፍጥነት ይሰራሉ፣ ልጁ ደሞ ጡቱን በአፉ ይዞ ዝም ብሎ እጇን ይከታተላል፣ አይኑ ግራ ቀኝ ከጣቶቿ ጋር ይሄዳል። አንዳንዴ አንድ የወደቀ የሳር ዘለላ ያነሳና ያሸተዋል፣ አፉ ውስጥ ያስገባዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። ለዚህ ፊቷን ተዉት፣ እጆቿንና ፊቱን ብቻ ፍሬም ውስጥ አስገቡ፣ 1/1000 ላይ፣ በርስቱን አጭር አጭር አድርጋችሁ። ከጡት መጥባት ፎቶ ይልቅ እኔ ይሄን እወደዋለሁ፣ ልጁ ሲማር ይታያልና።

ከሰአት በኋላ አትተኙ። 10 ሰአት አካባቢ ወደ ገደሉ መመለስ ይጀምራሉ፣ አሁን ፀሀይ ከጀርባችሁ ነች፣ ጠዋት ያስቸገረው ፊት በሙሉ ብርሃን ያገኛል፣ ከኋላቸው ያለው ገደል ደሞ ጥላ ውስጥ ገብቶ ይጨልማል። ጥቁር ጨቅላ በዛ ብርሃን ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል። ብዙ ሰው በዚህ ሰአት ወደ ማደሪያው ስለሚመለስ ነው የማይያዘው።

ቀይ ቀበሮ ከመጣ

ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ገብቶ ሲያድን ልታዩ ትችላላችሁ፣ ሲያዩት አይሸሹም፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ልጆቻቸውን አይነካም፣ የሚፈልገው አይጥ ነው። ጓሳ ላይ የተጠናው እንደሚያሳየው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ፣ ማለት 25 በመቶ ገደማ ነው የሚሳካለት፣ ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን 67 በመቶ። ስለዚ ሲገባ ካያችሁ ሌንሱን ሰፋ አድርጉና ሁለቱን በአንድ ፍሬም ያዙ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ ሌላ አገር ሄዶ የሚያነሳው የለም።

የቀበሮ ጉድጓድና ቡችሎች ግን ሌላ ነገር ናቸው። በአለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው። የሚወልዱት በዚሁ በብርዱ ወቅት ነው፣ ሰው ጉድጓዱን ካወቀባቸው ቡችሎቹን በአፋቸው ይዘው ወደ ሌላ ጉድጓድ ያዛውራሉ፣ በዛ ብርድ። ስለዚ ጉድጓድ አጠገብ አትሂዱ፣ ስካውቱ ላሳያችሁ ቢልም እንኳ አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ውሻም ይዛችሁ አትውጡ፣ የቀበሮውን ዘር በጅምላ የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው።

ማታና ከዚያ በኋላ

የፌስታሉ ነገር ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ የቀዘቀዘ ካሜራ እሳት ወደሚነድበት፣ ቡና ወደሚፈላበት ቤት በቀጥታ ከገባ ላብ ያልበዋል፣ ሌንሱ ውስጥ ድረስ። ውጪ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት፣ ይዛችሁ ግቡ፣ አንድ ሰአት ገደማ ሳትከፍቱት ይቆይ። ባትሪና ካርዱን ግን ውጪ አውጡት፣ ቶሎ ቻርጅ ለማድረግና ፎቶውን ለማየት እንዳትቸኩሉ።

ኤዲት ላይ የሰርግ ፕሪሴት አትጫኑበት፣ አመዳዩ ሰማያዊ ይሁን፣ ብርድ ነበረ። ጥቁሩ ልጅ ላይ ሻዶው ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ አይኑና የጆሮው ጠርዝ እስኪለይ ብቻ፣ ከዚያ ካለፈ ግራጫ ይሆናል፣ ኖይዝም ይወጣል። የወንዱ ደረት ላይ ያለውን ቀይ ሳቹሬሽን አትጨምሩበት፣ ራሱ በቂ ቀይ ነው።

ከመለጠፋችሁ በፊት የቀበሮ ፎቶ ላይ ሎኬሽኑን አጥፉ። ለስካውቱ ደሞ ሁለት ሶስት ፎቶ ደሴ ፒያሳ አሳትማችሁ፣ እሱ ራሱ ያለበት አንድም ጨምራችሁ፣ በሚቀጥለው መኪና ላኩለት።